ጉማሬ አፉን ሲከፍት ካያችሁ ጀልባውን አዙሩ

ባህር ዳር ሄዳችሁ አባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ በጀልባ ልታዩ ካሰባችሁ፣ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ልትንሸራሸሩ ከሆነ ይቺን ያዙ።

ጉማሬ አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ መጥቶበት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ «ክልሌ ነው፣ ተመለሱ» ማለቱ ነው። የኛ ሰው ግን ልክ ያኔ ስልኩን አውጥቶ ጀልበኛውን «ትንሽ ጠጋ በልልን» ይላል! የወንዱ የታችኛው ክራንቻ እስከ 50 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። የደንገል ታንኳ ይቅርና ሞተር ጀልባም ሊገለብጥ ይችላል።

አውራው ወንድ የራሱ የሆነ የውሃ ዳርቻ አለው፤ ግልገል የያዘች እናት ደግሞ ከሱም ትብሳለች። ስለዚህ በመንጋውና በጥልቁ ውሃ መሃል አትግቡ። መሸሻውን ከዘጋችሁበት የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ከጠለቀ በኋላም «ሄደ» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሳይተነፍስ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። በደቡባዊ አፍሪካ ያለው የዛምቤዚ ወንዝ አስጎብኚዎች፣ ጉማሬው ያሉበትን እንዲያውቅ የታንኳቸውን ጎን በመቅዘፊያ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ብልጦች ናቸው።

የብስ ላይስ? ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ውሃ ዳር የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ አትቁሙበት፣ ድንኳንም አትትከሉበት። ሮጬ አመልጣለሁ እንዳትሉ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዛፍ መውጣት ግን አይችልም።