ሕፃን ልጅ ይዞ ወጥ መሥራት፦ ልጁም ሳይጎዳ፣ ወጡም ሳያር

ልጄ መዳህ የጀመረች ሰሞን ከአፌ የማይጠፋው ቃል «ተይ!» ነበር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ተይ። ሽሮ እያማሰልኩ ተይ። እሷ ደግሞ የጨዋታ ስም መስሏት ትስቃለች። የኮንዶሚኒየም ኩሽና ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ውስጥ ምድጃ፣ የውሃ በርሜል፣ ሁለት ጀሪካን፣ እኔና አንዲት የምትድህ ልጅ።

መጫወቻ ገዛሁላት። ሙዚቃ ያለው፣ መብራት የሚያበራ። ሦስት ደቂቃ አየችው፣ ወረወረችው፣ ተመልሳ እግሬ ሥር መጣች። ያን ቀን ነው የገባኝ። የምትፈልገው እኔን ማየት ነው። ምን ልስጣት እያልኩ ስጨነቅ የከረምኩት በከንቱ ነበር፤ መጀመሪያ ማሰብ የነበረብኝ የት እንደማስቀምጣት ነው።

1. ቦታ ስጧት

ምድጃው ፊት ቁሙና እጃችሁን ዘርጉ። ልጅቷ እጃችሁ ከሚደርስበት ራቅ ብላ፣ ግን ዞር ስትሉ ፊቷን የምታዩበት ቦታ ፈልጉ። ከምድጃው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ስትሄዱ የምትረግጡት መስመር ላይ አትሁን። የፈላ ውሃ ይዛችሁ የምታልፉት በዚያ መስመር ነውና።

ቀበቶ ያለው ከፍ ያለ የሕፃን ወንበር ካላችሁ ጥሩ ነው። ቀበቶውን እሰሩ፤ «ለሁለት ደቂቃ ነው» አትበሉ። ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ አጠገብም አታስጠጉት። በእግሯ ገፍታ ወንበሩን ወደ ኋላ ልትጥለው ትችላለች።

ወንበር ከሌለስ? ሳፋ! በደንብ የደረቀ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ከኋላዋ የታጠፈ ብርድ ልብስ። መቀመጥ የቻለች፣ መቆም ግን ያልጀመረች ልጅ እዚያ ውስጥ ንግሥት ናት። ወለል ላይ ብቻ ነው እንጂ ጠረጴዛ ላይ በፍጹም። ጠርዙን ይዛ መቆም የጀመረች ዕለት የሳፋው ዘመን አበቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው መላ የኩሽናው በር ላይ አጥር ማድረግ ነው። እኔ የሰፈር አናጢ ነው ያሠራሁት። በእንጨቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ንገሩት፤ ጭንቅላቷ እንዳይገባ። እሷ ከአጥሩ ወዲያ፣ እናንተ ከአጥሩ ወዲህ፣ ወሬ ትቀጥላላችሁ።

ባለ ጎማውን ዎከር ግን ለኩሽና አታስቡት። ልጅ በዎከር ስትሆን እናንተ ከምትገምቱት በላይ ትፈጥናለች፣ ቁመቷም ይጨምርና ያልደረሰችበት ላይ ትደርሳለች። ካናዳ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽያጩን ጭራሽ ከልክላለች።

2. ተንበርከኩ

አልቀለድኩም። ኩሽናው ውስጥ ተንበርከኩና በእሷ ቁመት ዙሪያውን እዩ። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምጣዱ ገመድ ከጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዴ ብትስበው ምጣዱ ይከተላል። በር ጀርባ ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ፌስታል አለ፤ ልጅ ፊቷ ላይ ካደረገችው ትንፋሽ ያሳጥራል። ጥግ ላይ ሙቀጫው ከነዘነዘናው ቆሟል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና።

የበረኪናው ነገር አሁንም ያሳፍረኛል። ከሱቅ ተለክቶ ሲመጣ ያገኘሁት ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ባለቤቴ ውሃ መስሎት ከፍቶታል። አፉ ጋ ሲያደርሰው ሽታው መለሰው። ትልቅ ሰው ያሸታል፤ የአሥር ወር ልጅ ግን መጀመሪያ ትቀምሳለች። በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የአይጥ መርዝ ሁሉ በራሱ ዕቃ፣ ላይኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን። ድንገት ከጠጣች እንድታስመልስ አታስገድዷት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ባልዲውን አስቡ። ሕፃን ጭንቅላቷ ለሰውነቷ ይከብዳታል። ጠርዙን ይዛ ወደ ውስጥ ካዘነበለች ራሷን ቀና ማድረግ አትችልም። ለመስጠም 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፣ ድምፅም የለውም። የባልዲም የበርሜልም ክዳን ሁሌ ይገጠም።

3. ሥራውን ለሁለት ክፈሉት

ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። የኩሽና ሥራ ቀዝቃዛና ትኩስ አለው። ምስር መልቀም፣ ጎመን ማጠብ፣ ድንች መላጥ፣ ሊጥ ማቡካት ቀዝቃዛ ነው። እሷ እያየች፣ እያወራችሁ ይሠራል። መጥበስ፣ የፈላ ውሃ ማንጠፍ፣ እንጀራ መጋገር ትኩስ ነው። ይህ ተኝታ እያለች ወይም ሌላ ሰው ይዟት ይሠራል። እኔ ሽንኩርቱን ጠዋት ከትፌ ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ እንጀራ የምጋግረው ባለቤቴ ቤት ሲሆን ብቻ ነው።

ቁሌት መሃል ላይ ናት። እሳቱን ቀንሳችሁ ከኋለኛው ምድጃ ላይ ካደረጋችኋት ግማሽ ሰዓት ያህል በሰላም ትበስልላችኋለች፣ እናንተም ዞር ዞር ማለት ትችላላችሁ። የድስት እጀታ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ። ሽሮ ሲፈላ እንደሚፈናጠር ታውቃላችሁ፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ።

አንድ ክፉ ልማድ አለን፦ ትኩስ ድስት አውርዶ ወለል ላይ ማስቀመጥ። ልጅ በሚድህበት ቤት ይሄ ይቁም። ከሰል የምትጠቀሙም ማንደጃው መሬት ነው፣ ልጅም መሬት ናት፤ አንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙ። ጭሱ ባይታይም የከሰል ጋዝ በዝግ ቤት ይገድላልና መስኮት ይከፈት።

በርበሬ ነክታችሁ ከሆነ ልጅቷን ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አንድ ጊዜ ረስቼ አፍንጫዋን ጠረግኩላት። የዚያን ማታ ለቅሶ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

4. አሁን ወደ ጨዋታው

ታችኛውን ቁም ሣጥን ባዶ አድርጉና የእሷ ይሁን። እዚያ ውስጥ ማማሰያ፣ ትንሽ ድስት ከነክዳኑ፣ ክዳናቸው የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ትንሽ ሰፌድ አስገቡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጡ። ዛሬ ሦስቱ፣ ነገ ሌሎች ሦስት። ያው ማማሰያ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው።

የእኔዋ የምትወደው ክዳን መግጠም ነው። ትልቁን ክዳን ትንሹ ዕቃ ላይ ታደርጋለች፣ ይወድቃል፣ ታየኛለች፣ ደግሞ ታነሳዋለች። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ አደረገች፤ እኔም ሳላስበው ድንቹን ልጬ ጨርሼ ነበር።

የምትሰጧት ነገር ትንሽ ከሆነ በሶፍት ፈትኑት። ካለቀ ሶፍት በሚቀረው የካርቶን ጥቅል ውስጥ ካለፈ፣ ጉሮሮዋንም ሊዘጋ ይችላልና ከእጇ አውጡት። የጠርሙስ ቆርኪና የሪሞት ባትሪ በተለይ። ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች፤ ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ስድስት ወር ካለፋት የሚበላ ነገርም ጨዋታ ነው። በሁለት ጣት ስትጫኑት የሚፈርስ የተቀቀለ ካሮት ወይም ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይናችሁ ከእሷ ላይ ሳይነሳ። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ ግን እንግዳ ቢያጎርሳትም ከአፏ አውጡ። ማርም አንድ ዓመት ሳይሞላት አይሰጥ።

ሁለት እጃችሁ ሲያዝ ድምፃችሁ ነፃ ነው። የምትሠሩትን ንገሯት፦ «አሁን ዘይት፣ አሁን ሽንኩርት፣ ጭስስ!» ይሄ «ጭስስ» እኛ ቤት ከማንኛውም ዘፈን በላይ ያስቃል። ካለቀሰች ፊታችሁን በፎጣ ሸፍናችሁ ኩኩሉ በሏት።

ስለ ማዘል

እናቴ ይሄን ሁሉ ስታይ «አንቺ ልጅ፣ እኛ አዝለን አይደል ያሳደግናችሁ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንቀልባን የሚያህል የለም፤ ቤት ስጠርግ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ምስር ስለቅም አዝላታለሁ። ምድጃ ፊት ግን አልሞክረውም። ዘይት ሲፈናጠር፣ እንፋሎት ሲወጣ እሷም እዚያው ናት፣ እጇም በትከሻዬ አልፎ ይመጣል። እናቴ አሁንም አልተስማማችም፤ ግን ጀበና ስትጥድ ልጅቷን ለእኔ ትሰጠኛለች።

ጀበናን ካነሳሁ፣ ኩሽናውን አጥረው ሳሎን ላይ ረከቦት የሚዘረጉ ብዙ ናቸው። እሳቱም፣ ጀበናውም፣ ሲኒውም በልጅቷ ቁመት ልክ ነው። ቡና ሲፈላ ልጅ እቅፍ ውስጥ ትሁን፤ የተቀዳ ሲኒ የያዘ ሰው ደግሞ አይቀፋት።

ከተቃጠለች

ቶሎ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። ሰዓት ያዙ፣ ረጅም ነው። ውሃ ከጠፋ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍሱ። ቆዳዋ ላይ ያልተጣበቀ ልብስ ይውለቅ፤ ውሃው የሚፈሰው ቁስሉ ላይ ብቻ ይሁን፣ ሌላው ሰውነቷ እንዳይበርዳት ሸፍኑት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ በረዶ አይነካውም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም። ትንሽ ብትመስልም፣ ሕፃን ናትና ትታይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ወጡ ሲደርስ

ምድጃው ጠፋ ማለት ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምድጃና ምጣድ ቅላቱ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ገመዱን ጠቅልላችሁ ወደ ላይ አንሱ። ቢላዋው የት እንዳለ እዩ። ወለሉን ጥረጉ፤ ሁሌም አንድ የምስር ጠጠር ወይም የነጭ ሽንኩርት ቅርፊት ታገኛላችሁ፣ ካላገኛችሁትም እሷ ታገኘዋለች። ከዚያ አጥሩን ክፈቱላት።