ናጋሳኪ ያለውን የኮንፊሺየስ መቅደስና ሙዚየሙን እንዴት እንጎብኝ?

የኮንፊሺየስ መቅደስ ሲባል ብዙ ሰው ቻይና ብቻ ያለ ይመስለዋል። አንዱ ግን ጃፓን ውስጥ፣ ናጋሳኪ ከተማ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ያሠሩት በከተማዋ የሚኖሩ ቻይናውያን ናቸው። ጊዜው 1893 ነበር፤ ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥትም ረድቷቸዋል። ከጀርባው የቻይና ታሪክ ሙዚየም አለ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኛው ጎብኚ ቀዩን ግድግዳና ቢጫውን ጣራ ፎቶ ያነሳና ውልቅ ይላል። ግቢው ትንሽ ስለሆነ አይፈረድበትም። ትንሽ ነገር አንብቦ ለሄደ ሰው ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ላይበቃው ይችላል። እንግዲህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂት አንብቡ

መጀመሪያ ሊገባችሁ የሚገባው ቻይናውያን ናጋሳኪ ምን አመጣቸው የሚለው ነው። ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ ኖራለች። በዚያ ዘመን የሆላንድና የቻይና ነጋዴዎች መግቢያ ናጋሳኪ ነበረች። ሆላንዶቹ ደጂማ በምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተወስነው ይኖሩ ነበር። ቻይናውያኑም ከ1689 ጀምሮ በታጠረ ሰፈር እንዲኖሩ ተደረጉ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ማኅበረሰቡ እዚያው ቀረ። መቅደሱን የሠሩት ከዚሁ ማኅበረሰብ የተገኙ ሰዎች ናቸው።

ኮንፊሺየስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ተወልዶ በ479 ያረፈ የቻይና መምህር ነው። ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው አውራጃ፣ ቹፉ በሚባል ስፍራ ነው የተወለደው። ሹመት ፈልጎ ከአገር አገር ቢዞርም የረባ ሥልጣን አላገኘም። ያተረፈው ተማሪዎችን ነው። ወጉ 3 ሺህ ተማሪ ነበረው ይላል፤ ከነሱ 72ቱ የበቁ ናቸው ተብለው ይቆጠራሉ። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ግቢው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

2. መንገዱ

ከፉኩዎካ ከተነሳችሁ በፈጣን ባቡር ታኬዎ ኦንሰን ትደርሳላችሁ። እዚያ ወርዳችሁ እዚያው ጣቢያ ላይ ሺንካንሰን ወደሚባለው ይበልጥ ፈጣን ባቡር ትቀይራላችሁ። ይህ የናጋሳኪ ሺንካንሰን ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። ጉዞው በድምሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

ከናጋሳኪ ጣቢያ ትራም ያዙ። 1 ቁጥር ትሳፈሩና ሺንቺ ቻይናታውን ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወደ ኢሺባሺ የሚሄደውን 5 ቁጥር ይዛችሁ ኦውራ ካቴድራል ፌርማታ ላይ ውረዱ። መቅደሱ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ትራሙ ላይ የሚገባው በኋላ በር ነው። ሒሳብ የሚከፈለው ደግሞ ስትወርዱ፣ ከሹፌሩ አጠገብ። ዝርዝር ሳንቲም ይኑራችሁ።

መቅደሱ የሚከፈተው ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እነሱ 9፡30 ይሉታል። በጊዜ ድረሱ። ከሰዓት በኋላ ቡድን ይዘው የሚመጡ አስጎብኚዎች ይበዛሉ፣ ጥላ ያለው ቦታም ይሻማል።

3. በጎን በር ግቡ

ትኬት ቆርጣችሁ ስትገቡ ሦስት መተላለፊያ ያለው በር ከፊታችሁ ይቆማል። በወጉ መሠረት የመሐሉ የተራ ሰው መግቢያ አይደለም። ለንጉሠ ነገሥቱና ለሚመለከው መንፈስ የተተወ ነው። እናንተ በጎን በኩል እለፉ። ጣራውንም ቀና ብላችሁ እዩት። በቻይና ቢጫ የንጉሠ ነገሥቱ ቀለም ነበር፣ ማንም እንዳሻው ቤቱን አይከድንበትም። ለአንድ መምህር መቅደስ መፈቀዱ ምን ያህል ቢያከብሩት ነው ያሰኛል።

አሁን የምታዩት ሕንፃ ግን እንደተሠራ የቆየ አይደለም። ነሐሴ 9 ቀን 1945፣ ረፋድ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ናጋሳኪ ላይ የወደቀው አቶሚክ ቦምብ ክፉኛ ጎድቶታል። በ1967 ታደሰ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ትልቅ እድሳት ተደርጎለት ሙዚየሙም ተጨመረ።

4. ከተማሪዎቹ ጋር ተዋወቁ

የቦታው ልብ ግቢው ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ አጥፉ። ግራና ቀኝ 72 የድንጋይ ሐውልቶች ተደርድረው ቆመዋል። 72ቱ ተማሪዎች እነዚህ ናቸው። መልካቸው አንድ አይደለም። አንዱ ፈገግ ብሏል፣ ሌላው ኮስተር። ጽሑፍ ባያችሁበት ሁሉ የስልካችሁን መተርጎሚያ ካሜራ ደግኑበት። የሚከተሉትን የአራቱን ስም በቻይንኛ ፊደል ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ብታስቀምጡ ደግሞ ፍለጋው ይቀላል።

ያን ሁይ መምህሩ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ድሃ ተማሪ ነበር። በጠባብ ሰፈር፣ በአንድ ቁና ሩዝና በአንድ ቅል ውኃ እየኖረ ደስታው አልቀነሰም ይባላል። በወጣትነቱ ሲሞት ኮንፊሺየስ ልቅሶው ከልክ አለፈ።

ዚሉ ደፋርና ግልፍተኛ ነበር። ውጊያ ላይ የቆብ ማሰሪያው በጦር ሲቆረጥበት ጨዋ ሰው ቆቡን ሳያደርግ አይሞትም ብሎ እሱን ሲያስር ገደሉት።

ዚጎንግ ነጋዴ ነበር፣ የናጠጠ ሀብታም። መምህሩ ሲሞት ሌሎቹ ሦስት ዓመት አዝነው ሲሄዱ እሱ መቃብሩ አጠገብ ሌላ ሦስት ዓመት ተቀመጠ።

ዛይ ዩን ሳታዩ እንዳትወጡ። ይህ ቀን ቀን የሚተኛው ተማሪ ነው! ኮንፊሺየስ አንድ ቀን ተኝቶ ሲያገኘው የበሰበሰ እንጨት አይቀረጽም ብሎ ተስፋ ቆረጠበት። ይኸው ዛሬ በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል።

ከሐውልቶቹ ጀርባ ያሉትን ግድግዳዎች ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የኮንፊሺየስ ንግግሮች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ፣ አናሌክትስ፣ ሙሉውን በእብነ በረድ ላይ ተቀርጿል። የአሁኖቹ የያን ሁይና የዛይ ዩ ታሪኮችም የተገኙት ከዚያው ነው።

5. መስገድ አለብኝ ወይ?

የኛ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ የለባችሁም። በትልቁ አዳራሽ ውስጥ የኮንፊሺየስ ሐውልት ተቀምጧል፤ እጅ የሚነሱ ሰዎችም ታያላችሁ። ጎብኚን ግን ማንም አያስገድድም። ኮፍያ ማውለቅና ድምፅ መቀነስ ይበቃል።

ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም። ቻይናውያን ለኮንፊሺየስ የሚያደርጉት ሥርዓት አምልኮ ነው ወይስ ለመምህር የሚሰጥ ክብር? በዚህ ጉዳይ የካቶሊክ ሚስዮናውያን እርስ በርሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀዋል። ጄዝዊቶች ክብር ነው አሉ፣ ዶሚኒካውያን አምልኮ ነው አሉ። ሮም በ1742 አጥብቃ ከለከለች፣ በ1939 ፈቀደች። የወረዳችሁበት ፌርማታ ስሙን ያገኘው በ1864 ከተሠራው የኦውራ ካቴድራል ነው። ስለዚህ መቅደሱ ሲሠራ የጎረቤት ካቶሊኮች በዚህ ሥርዓት እንዳይሳተፉ በሕግ ተከልክለው ነበር ማለት ነው። ከመቅደሱ ወጥታችሁ ካቴድራሉን ካያችሁ ይህን አስታውሱ።

6. ሙዚየሙ

ሙዚየሙ ከአዳራሹ በስተጀርባ ነው። ሁሉንም ዕቃ እኩል ለማየት አትድከሙ። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምፈልገው የመሬት መንቀጥቀጥ መጠቆሚያውን ነው።

ይህን መሣሪያ ዣንግ ሄንግ የሚባል ሊቅ በ132 ዓ.ም. ሠራው። ትልቅ የነሐስ ጋን ነው። በዙሪያው ስምንት ዘንዶዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በአፋቸው ኳስ ይዘዋል። ከታች ስምንት እንቁራሪቶች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ በአንዱ አቅጣጫ ያለው ዘንዶ ኳሱን ይለቃል፣ ከሥሩ ያለው እንቁራሪት ይቀበላል። ታሪኩ እንደሚለው አንድ ጊዜ ኳስ ወደቀ፤ ዋና ከተማው ሉዮያንግ ውስጥ ግን መሬት ሲንቀጠቀጥ የሰማ አልነበረም። ሰዉ መሣሪያውን ተጠራጠረ። ከቀናት በኋላ ከምዕራብ፣ ከሎንግሺ፣ መልእክተኛ መጥቶ እዚያ መንቀጥቀጡን ተናገረ። የምታዩት በጽሑፍ መግለጫ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ሞዴል ነው፤ ዋናው ጠፍቷል። ውስጡ እንዴት ይሠራ እንደነበር ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ቀሪው ክፍል ከቤጂንግ የቤተ መንግሥት ሙዚየም በውሰት የሚመጡ ዕቃዎች የሚታዩበት ነው። ስለሚቀያየሩ አንድን ዕቃ ብቻ ተስፋ አድርጋችሁ አትሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግድግዳ ላይ ያለውን ምልክት እዩ።

አንዳንድ ቀን በግቢው ውስጥ ተዋንያን በቅጽበት ጭምብል የሚቀያይሩበት የቻይና ትርኢት አለ። ሰዓቱን በር ላይ ጠይቁ። የኮንፊሺየስ ልደት በዓል ደግሞ በአውሮፓውያኑ መስከረም (ሴፕቴምበር) መጨረሻ፣ ማለትም በእኛ መስቀል ሰሞን ላይ ይከበራል።

7. ከዚያ ምን እንብላ?

ሁሉም ሰው ቻምፖን ብሉ ይላችኋል። እዚሁ ናጋሳኪ፣ በቻይናውያን እጅ የተፈጠረ ወፍራም የኑድል ምግብ ነው። አሳማ ለማትበሉ ግን አይሆንም። ሾርባው በአሳማና በዶሮ አጥንት ነው የሚሠራው፣ ላዩም ላይ የአሳማ ሥጋ አለበት። ሥጋውን አውጡልኝ ብትሉ ሾርባው ያው ነው። ከዚያ ይልቅ ካስቴላ የሚባለውን የከተማዋን ኬክ ሞክሩ። ፖርቹጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ያመጡት ነው። እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም። ጾመኛ ከሆናችሁ ከየትኛውም ሰፈር ሱቅ በኮምጣጣ ፕለም የተሞላ ኦኒጊሪ የሚባል የሩዝ ድቡልቡል ግዙ።