በሞዴል ባቡር መስመር ላይ ጥቃቅን ሰዎችንና መኪናዎችን እውነተኛ ማስመሰል የሚቻለው እንዴት ነው?

ባቡሩ ይሄዳል፤ ሰዎቹ ቆመዋል። የሞዴል ባቡር ሠሪ ሁሉ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። ፉርጎዎቹ እየተግተለተሉ ሲያልፉ፣ መሳፈሪያው ላይ አንድ እግሩን ያነሣ ሰው ለወራት ሳያሳርፈው ይኖራል፤ ከጎኑ የቆመችው መኪናም ከመሬቱ ጋር ምንም ዝምድና የሌላት ይመስል ታብረቀርቃለች። ተመልካች ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዐይኑ ወዲያው ይነቃል። እኔ ለዓመታት መፍትሔውን በጥቃቅን ዝርዝር ውስጥ ስፈልግ ነበር፤ ቁልፍ፣ ክራባት፣ ቅንድብ ስቀባ። ዛሬ የማምነው ሌላ ነው። ብርቅርቅታውን ካጠፋን፣ ለእያንዳንዱ ነገር ክብደት ከሰጠነውና ቆሞ ሊቆይ የሚችል ሰው ከመረጥን፣ ስለ ቅንድቡ የሚጠይቅ አይኖርም።

መጀመሪያ መጠኑን ያመሳክሩ

በስፋት በሚሠራበት ኤችኦ ልኬት ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው 20 ሚሊ ሜትር፣ 4.5 ሜትር የሆነ የቤት መኪና ደግሞ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በ1፡160 በሚሠራው ኤን ልኬት ያው ሰው 11 ሚሊ ሜትር፣ ያቺው መኪና 28 ሚሊ ሜትር ናቸው። ብዙዎችን የሚያሳስተው በብሪታንያ የተለመደው ኦኦ ነው። የሐዲዱ ስፋት እንደ ኤችኦ 16.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰዎቹም አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የኦኦ ልኬት 1፡76 ነው። ለኦኦ የተሠራ 1.75 ሜትር ሰው ኤችኦ መስመር ላይ ሲቆም 2 ሜትር ይሆናል። ሰው በቁመት ስለሚለያይ አንድ ረጅም ሰው ችግር የለውም፤ ሁሉም ረጃጅም ሲሆኑ ግን ጣቢያው ራሱ ይጠባል።

መለኪያ በእጅዎ ከሌለ ሰውየውን ከመኪናው በር አጠገብ ያቁሙት። የተለመደ የቤት መኪና ጣሪያ ከአማካይ ሰው ትከሻ ብዙም አይርቅም። ጣሪያው ወገቡ ጋ ከቀረ ወይም ከራሱ በላይ ከሆነ ሁለቱ ለአንድ ዓለም አልተሠሩም። ዘመኑንም አይርሱ፤ መንገዱ ላይ ያለው እጅግ አዲሱ መኪና የመላውን መስመር ዓመት ይወስናል። አሮጌ መኪና በአዲስ ዘመን ሊኖር ይችላል፤ የተገላቢጦሹ አይሆንም።

ሰዎቹን መቀባት

ከሣጥኑ የወጡትን ሰዎች ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያድርቁ። ከፋብሪካ ሲወጡ ላያቸው ላይ ቅባት ሊቀር ስለሚችል ቀለም አይዝም። ከዚያ ፈካ ባለ ግራጫ መደብ ቀለም በስሱ ይቀቡ። ያልተቀቡ ሰዎችን በብዛት መግዛት እመክራለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የጀርመኑ የጥቃቅን ሰዎች አምራች ፕራይዘር ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። የተቀቡት ፊታቸው ሁሉ አንድ ዐይነት ሮዝ ስለሚሆን እንደገና መቀባትዎ አይቀርም።

አሁን አንድ ስሌት ልብ ይበሉ። ሃያ ሚሊ ሜትር የሆነን ሰው ከ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስናየው፣ እውነተኛ ሰው ከ43 ሜትር ርቀት እንደ ማየት ነው። በዚህ ርቀት የማንንም የዐይን ነጭ አናይም። ስለዚህ ዐይን አይቀቡ። ነጭ ነጥብ ከጥቁር ነጥብ ጋር ያለበት ፊት ሁልጊዜ የደነገጠ ነው የሚመስለው፤ ዐይኑ የሚያርፍበት ጉድጓድ ጥላ ካገኘ ይበቃል። ቀለሞችም በርቀት ይደበዝዛሉ፤ ንጹሕ ጥቁርና ንጹሕ ነጭ ሩቅ ቦታ ላይ አይገኙም። ለጥቁር ጫማ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ለነጭ ሸሚዝ ወደ ክሬም ያዘነበለ ቀለም ይጠቀሙ። የቆዳ ቀለምን ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይበጥብጡ። ለጠይሙም ለቀዩም መነሻው ቡናማ ነው፤ ጥቂት ቀይና ጥቂት ቢጫ ሲጨመርበት ሕይወት ያገኛል።

አክሪሊክ ቀለም ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ አንዴ ወፍራም ከተቀባ የልብሱ እጥፋት ይሞላል። ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም በአሥር እጥፍ ያህል ውኃ አቅጥነው በላዩ ያስኪዱት። ቀለሙ በራሱ ወደ እጥፋቱ፣ ወደ አንገቱ ሥርና ወደ ክንዱ መገጣጠሚያ ይወርዳል፤ ጥላውን የሠራው እሱ ነው። ከዚያ ብሩሹን በወረቀት ላይ እስኪደርቅ አብሰው በቀረችው ትንሽ ፈካ ያለ ቀለም ትከሻና ጉልበት ላይ ዳሰስ ዳሰስ ያድርጉ። መጨረሻ ላይ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይርጩ። ይህችን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ በከንቱ ነው የሠራው። የሚረጭ ነገር ሲጠቀሙ መስኮት ይከፈት።

አለባበስ ላይ ቁጥብ ይሁኑ። ከሃያ ሰው መካከል አንዲት ሴት ቀይ ካፖርት ከለበሰች ዐይን እሷን ፈልጎ ያገኛታል፤ አምስቱ ቀይ ከለበሱ ግን ማንንም አያገኝም።

አቋማቸውን መለወጥና መትከል

ያው ሰው፣ ያው ሻንጣ፣ ያው የተዘረጋ እጅ በብዙ መስመሮች ላይ ይታያል። በአዲስ ምላጭ ክንዱን ከትከሻው ቆርጠው በሌላ ማዕዘን ያጣብቁት፤ ጭንቅላቱን ጥቂት ብቻ ወደ ጎን ያዙሩት። ወደ ባቡሩ የሚመለከት ፊትና ወደ መሬት ያዘነበለ ፊት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ከእግሩ ሥር ያለውን ክብ መቆሚያ ያስወግዱ። አንዱን እግር ከሥሩ በ0.4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስተው ቀጭን ሽቦ ያስገቡና በሱፐር ግሉ ይያዙት። መሬቱንም በዚያው ልክ ይብሱ። ሽቦው ሲገባ ጫማው መሬቱን መንካት አለበት፤ በጫማና በመሬት መካከል ያለች የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ሰውየውን ተንሳፋፊ ታደርገዋለች። ከፊትም ከጎንም ቀጥ ማለቱን ይዩ። መሬቱ ላይ ማጣበቂያ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይጣበቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቦታውን ደጋግመው መለወጥዎ አይቀርም።

መኪናዎቹ

ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያስደስተው ይህ ነው። መኪናውን ይፍቱ፤ አካሉን፣ መስታወቱን፣ ወንበሩንና ጎማውን ይለያዩ። አካሉ ላይ ስስ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይርጩ። አዲስ መኪና ነው ካሉ በመጠኑ የሚያብረቀርቀውን ይምረጡ፤ መስታወቱ ግን እንደ ጠራ ይቆይ። በበሩና በኮፈኑ ዙሪያ ያሉትን መስመሮች በቀጠነ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሙሉና ላዩን በጨርቅ ይጥረጉ። የፊት መብራቱን በብርማ፣ የኋላውን በቀይ ይንኩት፤ ታርጋውንም አይርሱ።

ጎማው ጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ እንዳይቀር ግራጫ ይቀቡት። ከዚያ መሬት የሚነካበትን ቦታ ብቻ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ላይ ጥቂት ይሙረዱት። እውነተኛ ጎማ በክብደት ከሥሩ ይደፈጠጣልና ይህች ትንሽ ጠፍጣፋ መሬት ላይ የተቀመጠ መኪናን ከመሬት በላይ ካለ መኪና ትለየዋለች። የተጫነ የጭነት መኪና ከሆነ የኋላው ባሌስትራ ዝቅ ይበል፤ አካሉ ከጎማው ጋር ይቀራረብ። የቆመ መኪና የፊት ጎማው ወደ አንድ ጎን ቢዞር፣ አንድ ሰው መሪውን አዙሮ የወረደ ይመስላል።

መንገድ ላይ ያለ መኪና ሾፌር ያስፈልገዋል። ተቀምጦ የተሠራ ሰው ይምረጡ፤ ካልገባ ከወገቡ በታች ይቁረጡት፣ ማንም አያየውም። መስታወቱን ሲመልሱ ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ። ትነቱ ግልጽ ፕላስቲክን ነጭ ያደርጋል፤ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ግን ይጠራል።

አቧራውን ከባለቀለም ጠመኔ በምላጭ ፍቀው ያዘጋጁ። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ከሥር ወደ ላይ ይቀቡ፤ ፓራፋንጎውና የኋላው ከሁሉ የበለጠ ያገኛሉ፣ ጣሪያው ከሁሉ ያነሰ። የአቧራው ቀለም በራስዎ መስመር ላይ ካለው መሬት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ መኪናው የሄደበትን መንገድ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የፊት መስታወት ላይ የዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገውን ቅርጽ ከወረቀት ፕላስተር ቆርጠው ይለጥፉ፣ አቧራውን ይቀቡ፣ ከዚያ ያንሡት። ንጹሑ ግማሽ ክብ ሲወጣ መኪናው ዝናብ ያየ ይሆናል። በአቧራው ላይ ቫርኒሽ ከረጩ ይደበዝዛልና አስቀድመው ትንሽ ያብዙት፤ እጅ የማይነካው መኪና ከሆነ አይርጩ። ዝገት ውኃ የሚያድርበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ቦታ የዛገ መኪና ቀለም እንደ ፈሰሰበት ይታያል። ለጭነቱ በወንፊት የተነፋ እውነተኛ አሸዋ ወይም የተፈጨ ከሰል በቀጠነ ኮላ ያጣብቁ።

ቦታ መስጠት

የሚሮጥ፣ የሚዘል፣ ኳስ የሚመታ ሰው አይትከሉ። ለአንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሊቆይ የሚችል ሰው ይምረጡ፤ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ፣ ግድግዳ የተደገፈ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚያወራ፣ ጋዜጣ የዘረጋ። ለመኪናም ሕጉ ያው ነው፤ ማገጃው የወረደበት የባቡር ማቋረጫ ላይ የቆመ መኪና የሚጠብቀው ባቡሩን ነው፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ቆሞ መጠበቁ ትክክል ይሆናል። የሚንቀሳቀስ መኪና የፈለገ ሰው ፋለር የተባለውን የጀርመን ሞዴል አምራች ስልት ሊሞክር ይችላል፤ ከመንገዱ ሥር የተቀበረ የብረት ሽቦ የፊት ጎማውን ማግኔት ይመራዋል።

ሰው እኩል ርቀት ተራርቆ አይቆምም። ጥላ ሥር፣ ደረጃው አጠገብ፣ ሻንጣው ጋ ይሰበሰባል፤ ከዚያ መሳፈሪያው ለረጅም ርቀት ባዶ ይሆናል። ያንን ባዶ ቦታ አይሙሉት። እ.ኤ.አ. በ2001 በጀርመን ሀምቡርግ የተከፈተው የሞዴል ባቡር ትርኢት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ከ200 ሺህ በላይ ጥቃቅን ሰዎች አሉት፤ ጎብኚ ግን ጎንበስ ብሎ የሚያየው የሁለትና የሦስት ሰዎችን ትንሽ ጉዳይ ነው። የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በእርግጥ መተያየታቸውን ያረጋግጡ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ አልፎ ካየ ጨዋታው ይፈርሳል። ከኋላ፣ ግድግዳው ላይ ከተሣለው ተራራ አጠገብ፣ የኤን ልኬት ሰዎችን ቢያኖሩ ርቀቱ ይጨምራል። ከፊት ካሉት ጋር ጎን ለጎን እንዳይታዩ ብቻ ይጠንቀቁ።

ሁሉም ሲተከል ስልክዎን መሬቱ ላይ፣ በትንሹ ሰው የዐይን ከፍታ አድርገው ፎቶ ያንሡ። ካሜራው እጃችን የለመደውን ስሕተት ይነግረናል፤ ያዘነበለ ሰው፣ የሚያብረቀርቅ ራስ፣ አንድ ጎማው አየር ላይ የቀረ መኪና። ጥላው ከእግሩ ተለይቶ የሚታይ ሰው ካገኙ ይንቀሉት፣ ጉድጓዱን ጥቂት ያጥልቁና መልሰው ይትከሉት።