ሲሪንጁ እምቢ ሲል፦ የደህንነት መርፌና ሲሪንጅ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

የደህንነት ሲሪንጅ እጃችን ላይ እምቢ ሲል ቶሎ የሚመጣልን ቃል «ተበላሽቷል» ነው። ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ የሚመጣ መኖሩ አይካድም። ብዙውን ጊዜ ግን መቆለፊያው የተሠራበትን ሥራ እየሠራ ነው፤ የሠራው እኛ ባላሰብነው ሰዓት መሆኑ ነው ችግሩ። «ተበላሽቷል» ብሎ የደመደመ ባለሙያ ወይ በጉልበት ይገፋዋል፣ ወይ በሁለት እጁ ሊያስተካክለው ይሞክራል፣ ወይ እርግፍ አድርጎ ትቶት ወደ ተራው ሲሪንጅ ይመለሳል። ሦስቱም ታካሚውን ወይም ራሱን ባለሙያውን ለጉዳት ይዳርጋሉ።

በቅድሚያ በእጃችሁ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። አንደኛው ዓይነት አንድ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ገፊው ዘንግ ተቆልፎ ዳግም አይስብም፤ የሚጠብቀው ቀጣዩን ታካሚ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ እስከ 2003 መጨረሻ ክትባት ሁሉ በዚህ ሲሪንጅ ብቻ እንዲሰጥ ጠይቀው ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ከተወጋ በኋላ መርፌውን በሽፋን የሚከድን ወይም ወደ ውስጥ የሚስብ ነው፤ የሚጠብቀው መርፌ ወጊውንና ቆሻሻ የሚያነሳውን ሠራተኛ ነው። ሁለቱንም ጥበቃ አንድ ላይ የያዙም አሉ። ችግሩ የሚፈታው እንደየዓይነቱ ስለሆነ በማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕላዊ መመሪያ አንድ ጊዜ አይቶ መጀመር ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ገፊው መድኃኒቱን ስቦ ሳይጨርስ ተቆለፈ

በክትባት ሲሪንጅ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ መንስኤውም ባብዛኛው የቆየ ልማድ ነው። በተራው ሲሪንጅ የሠለጠነ እጅ ገና ከማሸጊያው ሲያወጣው ገፊውን «ለማላላት» ወደ ኋላና ወደ ፊት ያንቀሳቅሰዋል፤ ወይም አየር ስቦ ብልቃጡ ውስጥ ይገፋል። በራሱ የሚቆለፈው ሲሪንጅ ግን የሚሰጠን አንድ ስበትና አንድ ግፊት ብቻ ነው። አየር የሳብንበት ስበት ከዚያው ላይ ይቆጠራል።

የተቆለፈው አይከፈትም፤ አትታገሉት። ከነያዘው ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት የማይበሳ ሳጥን) ውስጥ ጣሉትና አዲስ ክፈቱ። በአዲሱ ላይ መድኃኒቱን እስክትስቡ ድረስ ገፊውን አትንኩ። ብልቃጡን ገልብጣችሁ የመርፌው ጫፍ ፈሳሹ ውስጥ መጥለቁን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ባንድ ጊዜ እስከ ምልክቱ ሳቡ። የአየር አረፋ ከገባ መርፌውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ የሲሪንጁን አካል በጣት መታ መታ አድርጉ፤ አረፋው ሲወጣ በጥንቃቄ እስከ መጠኑ ምልክት ብቻ ግፉ።

ብዙ መጠን የሚይዝ ብልቃጥ እየጎደለ ሲሄድ መሳቡ ሊከብድ ይችላል። መልሱ በዝግታ መሳብ ነው። አየር እንዲያስገባ ተብሎ ሌላ መርፌ በጎማው ክዳን ላይ ተሰክቶ የሚተውበት አሠራር ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ለጀርም በር ከፍቶ መተው ነው።

ሽፋኑ «ቀጭ» አላለም

በመገጣጠሚያ የሚታጠፈው ሽፋን መቆለፉ የሚታወቀው በድምፁ ወይም አውራ ጣት ላይ በሚሰማ ምት ነው። ካልተሰማ መርፌው የተሸፈነ ይመስላል እንጂ አልተሸፈነም። መንስኤው አንዳንዴ ሽፋኑ ወደ ጎን ተገፍቶ መንሸራተቱ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ታካሚው ድንገት በመንቀሳቀሱ መርፌው ጎብጦ ነው።

መርፌው ካልጎበጠ ሽፋኑን ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ጠረጴዛ ላይ፣ አስደግፋችሁ ባንድ እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። ጣታችሁ ምን ጊዜም ከመርፌው ጫፍ ኋላ ይሁን። ሌላኛው እጅ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሁለተኛው እጅ ለእርዳታ ሲመጣ ነው ብዙ ሰው የሚወጋው። መርፌው ከጎበጠ ወይም ሁለተኛው ሙከራ ካልሠራ እንዳለ ሳትከድኑት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት። ለዚህም ታካሚውን ከመውጋታችሁ በፊት ሳጥኑ በእጅ ርቀት መቀመጥ አለበት። ሦስት አራተኛው ከሞላ ሳጥን ደግሞ አፉ አጠገብ ያለ መርፌ እጅ ሊያገኝ ይችላልና እዚያ ላይ ዝጉትና ሌላ አምጡ።

መርፌው ወጋኝ

የወጋችሁን ቦታ ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና እጠቡ። ደም እንዲወጣ መጭመቅ ወይም በረኪና ማፍሰስ አይጠቅምም፤ ቆዳውን ይበልጥ ይጎዳል። ከዚያ ሳትዘገዩ አሳውቁ። በኤች አይ ቪ የተበከለ መርፌ የወጋው ሰው የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ በሄፓታይተስ ሲ ቀድሞ 1.8 በመቶ አካባቢ ይገመት ነበር፤ የቅርብ ጊዜ ግምት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ግን ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ይህ ክትባት መርፌ ለሚይዝ ሁሉ፣ ቆሻሻ ለሚሰበስበው ሠራተኛም ጭምር፣ ከሥራው በፊት መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ከተጀመረ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። «ቀላል ነው፣ ጭረት ናት» ብሎ ዝም ማለት ያንን ጊዜ ያባክናል።

መርፌው ወደ ውስጥ አልተሳበም፣ ወይም ቀድሞ ተሳበ

ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። በነዚህ ሲሪንጆች ስፕሪንጉ የሚለቀቀው ገፊው መጨረሻው ላይ ደርሶ ጠንከር ያለ ተጨማሪ ግፊት ሲያገኝ ነው። መድኃኒቱ አለቀ ብሎ እጁን ያላላ ሰው መርፌው ሳይሳብ ይቀርበታል፤ እስከ መጨረሻው አጥብቆ መግፋት ነው መፍትሄው። በዚያው ሲሪንጅ የዱቄት መድኃኒት ያሟሟ ሰው ደግሞ ፈሳሹን ብልቃጥ ውስጥ አሟጦ ሲገፋ መርፌው እዚያው ይሳብበታል። ለማሟሟት ሌላ ሲሪንጅ ተጠቀሙ። መርፌው ገና ቆዳ ውስጥ እያለ ይሳብ ወይስ ከወጣ በኋላ የሚለው ከአምራች አምራች ይለያያልና መመሪያውን ተከተሉ።

መርፌው ተደፈነ

ይህ በወፍራም መድኃኒት ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ በቤንዛቲን ፔኒሲሊን። ይህ መድኃኒት ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ቅንጣት እንጂ ጥርት ብሎ የሟሟ ፈሳሽ አይደለም። በደንብ ካልተበጠበጠ፣ ተበጥብጦ ከቆየ፣ ወይም መወጋት ተጀምሮ መሃል ላይ ከቆመ ቅንጣቱ መርፌው ውስጥ ይከማቻል። የመርፌው ቅጥነትም አለበት፦ የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ይህም በመርፌው ፕላስቲክ መቀመጫ ቀለም ይለያል፤ ብርቱካናማው 25፣ ሰማያዊው 23፣ አረንጓዴው 21 ጌጅ ነው። ለዚህ መድኃኒት ብርቱካናማውን ያነሳ ሰው መደፈኑን ራሱ ጠርቶታል።

ሲደፈን በኃይል አትግፉ፤ መርፌው ከሲሪንጁ ተነቅሎ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ሊረጭ ይችላል። ከቆዳው አውጡት፣ የደህንነት ሽፋኑን ቆልፉ፣ የቀረውን መጠን መዝግቡ፣ መርፌው የሚነቀል ከሆነ ወፈር ያለ አዲስ መርፌ ገጥማችሁ ለዚያው ታካሚ በሌላ ቦታ ላይ ቀጥሉ። ለታካሚው ለምን ሁለተኛ ጊዜ እንደሚወጋ ንገሩት፤ ይህ ይገባዋል። ስትወጉ ሳታቋርጡ በዝግታና በእኩል ግፊት ይሁን።

ከመጋጠሚያው ያንጠባጥባል

ሲሪንጁ መርፌው ተገፍቶ ብቻ የሚገባበት ከሆነ ሩብ ዙር አዙራችሁ አጥብቁት። ጥርስ ያለው ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ከሆነ ደግሞ ተዛንፎ ገብቶ ይሆናልና ፈታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱት። ከመጠን በላይ ያጠበቀ እጅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀውን ቀይሩ። ይህን ሁሉ የምታደርጉት መርፌው ክዳኑ ሳይወልቅ፣ ታካሚው ጋር ከመድረሱ በፊት ነው።

መጠኑ አልመጣም

ልኩ የሚነበበው የገፊው ጎማ በመርፌው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነው፤ ብዙ ስህተት የሚመጣው የኋላውን ጠርዝ በማንበብ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ የምትቀረዋን ጠብታ ለማሟጠጥ አየር አስገብቶ መግፋት አያስፈልግም፤ ልኩ ያንን ቀሪ አይቆጥርም፣ ለሕፃን በሚሰጥ ትንሽ መጠን ላይ ደግሞ ከታዘዘው በላይ ሊያደርስ ይችላል።

ኢንሱሊን የራሱ አደጋ አለው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ለያዘ ኢንሱሊን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለሚይዘው የተለካ ሲሪንጅ ከተጠቀማችሁ «10» የምትለው ምልክት ላይ የምትስቡት 25 ዩኒት ነው፤ ታካሚው በስኳር ማነስ ራሱን ሊስት ይችላል። በብልቃጡና በሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ አትሳቡ።

አንድ ዓይነት ብልሽት ከተደጋገመ

አሠራራችሁ ትክክል ሆኖ ሳለ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሲሪንጆች በተመሳሳይ መንገድ እምቢ ካሉ፣ ያኔ ጥርጣሬው ወደ ምርቱ ይዙር። ካርቶኑን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከማሸጊያው ላይ የምርት መለያ ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለአቅራቢውና ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው አካል አሳውቁ። ለማስረጃ የምትይዙት ማሸጊያውንና ያልተከፈቱትን ነው፤ የተወጋበትን ሲሪንጅ ከሴፍቲ ቦክስ መልሳችሁ አታውጡ።