የልዩ ፍላጎት ተማሪን ለውጥ ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በልዩ ፍላጎት ትምህርት መዝገብ የማይይዝ መምህር ጥቂት ነው። ችግሩ መዝገቡ እየሞላ ትምህርቱ ሳይቀየር መክረሙ ነው። የምንመዝነው ለሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደምናስተምር ለመወሰን ነው፤ የሚከተሉት ስህተቶችም ይህን ውሳኔ ያሳጡናል።

ግቡን በማይለካ ቃል መጻፍ

«የንባብ ችሎታው ይሻሻላል» ተብሎ የተጻፈ ግብ ይሳካ አይሳካ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በተናጠል የትምህርት ዕቅዱ ላይ ልጁ ምን እንደሚሠራ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ያህልና እስከ መቼ ይጻፍ፦ «በ12 ሳምንት ውስጥ፣ አይቶት የማያውቅ የ2ኛ ክፍል ምንባብ ሲሰጠው በ1 ደቂቃ 42 ቃላት በትክክል ያነባል።»

መነሻውን በአንድ ልኬት መወሰን

መነሻ ማለት ልጁ ክትትሉ ሲጀመር ያለበት ደረጃ ነው። አንዴ ብቻ ከተለካ ግን ልጁ ያን ቀን እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ወይም ምንባቡ የሚያውቀው ታሪክ ሊሆን ይችላል። ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆነ ሦስት ምንባቦች አስነብቡትና የመሐሉን ውጤት ውሰዱ። 19፣ 24 እና 31 ቃላት ካነበበ መነሻው 24 ነው።

መለኪያውን እየቀያየሩ ማወዳደር

በአንዱ ሳምንት ቀላል፣ በሌላው ከባድ ምንባብ ከተሰጠ፣ የታየው ልዩነት የምንባቡ እንጂ የልጁ አይደለም። በሳምንቱ የተማረውን ብቻ መጠየቅም ያሳስታል፤ 10 ቃላት አስተምሮ እነዚያኑ 10 መፈተን ውጤቱን ያሳምራል፣ ያልተማረውን ማንበብ መቻሉን ግን አያሳይም። አቆጣጠሩም አንድ ይሁን። አንድ ቃል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ ቃሉን ንገሩትና ስህተት ብላችሁ ያዙ፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ካረመ ትክክል ነው። በትልልቅ ፊደል የታተመ ወረቀት የሚጠቀም ልጅ በምዘናም ቀን ያንኑ ያግኝ።

እገዛውን ሳይመዘግቡ «ሠርቷል» ማለት

ልጁን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። እጅ መታጠብን እንውሰድ፦ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ማድረቅ። በ7ቱም እርምጃዎች ላይ የራይት ምልክት ሲደረግ ልጁ የቻለ ይመስላል፤ 5ቱን ያሠራችው መምህሯ እጁን ይዛ እንደሆነ ግን ወረቀቱ አይናገርም። በራይት ፋንታ ፊደል ጻፉ፦ «ራ» በራሱ፣ «ቃ» በቃል ተነግሮት፣ «ጥ» በጣት ተጠቁሞለት፣ «ማ» መምህሩ ሠርቶ አሳይቶት፣ «እ» እጁን ተይዞ። እንዲህ ሲሆን ከ«እ» ወደ «ጥ» ያለፈ ልጅ ለውጡ ይታያል፤ በራይት ምልክት ግን ሁለቱም «ሠርቷል» ተብለው ይቀሩ ነበር። ለሳምንታት «ቃ» ላይ የቆመ እርምጃ ካለ ልጁ የእናንተን ድምፅ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከመናገራችሁ በፊት 5 ሰከንድ ያህል ታገሡ፣ ከዚያም ቃሉን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሥዕል ተኩት።

ባህሪን በማይመጥነው መለኪያ መያዝ

በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያለቅስ፣ ለቅሶው ግን 40 ደቂቃ የሚቆይ ልጅ በድግግሞሽ ቢቆጠር ችግሩ ይሰወራል። ለእሱ ደቂቃ ያዙ። የታዘዘውን ለመጀመር ለሚዘገይ ደግሞ ከትእዛዙ እስከ መጀመሩ ያለውን ጊዜ ለኩ።

ቁጥሩን ሰብስቦ ሳይወስኑ መቀመጥ

በደብተር የተደረደረ ቁጥር አካሄዱን አያሳይም፤ ግራፍ ይሳል። ከመነሻው 24 ተነስታችሁ በ12ኛው ሳምንት 42 ላይ የሚያርፍ ቀጥታ መስመር አስምሩ፤ በሳምንት 1.5 ቃል ማለት ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ነጥቡን አስቀምጡ። ቢያንስ 6 ነጥቦች ከተያዙ በኋላ የመጨረሻዎቹን 4 እዩ። አራቱም ከመስመሩ በታች ከሆኑ አስተማሪው ዘዴውን ይለውጥ፤ አራቱም በላይ ከሆኑ ግቡ ከፍ ይበል፤ ከላይና ከታች ከተበተኑ ባላችሁበት ቀጥሉ።

ነጥቦቹ ከመስመሩ በታች ሲውሉ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ግቡን ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ልጁ ያልተሰጠውን ትምህርት እንዳልቻለ መቁጠር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ የታቀዱት ክፍለ ጊዜዎች በእርግጥ መሰጠታቸውን አጣሩ። ተሰጥተው ከሆነ ስህተቶቹን መርምሩ። ብዙ ቃል የሚሳሳት ልጅ ወደ ፊደልና ድምፅ ትምህርት መመለስ ያስፈልገዋል። ሳይሳሳት ቀስ የሚለው ግን አንዱን አጭር ምንባብ 3 ወይም 4 ጊዜ ደጋግሞ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ

መጽሐፉም፣ የቡድኑ መጠንም፣ ሰዓቱም በአንድ ሳምንት ከተቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። አንዱን ብቻ ቀይሩ፤ ለውጡ በተጀመረበት ቀን በግራፉ ላይ ቁልቁል መስመር አስምሩና ምን እንደተቀየረ ከጎኑ ጻፉ። ልጁ የቀረባቸውን ቀናት ባዶ ተዉአቸው፤ ዜሮ ከሞላችሁ ውጤቱ የወረደ መስሎ ያላግባብ ዘዴ ትቀይራላችሁ።