ስብሰባው ሳይጀመር ሰው ማግባባት፦ ከአንዲት የዕድር ጸሐፊ

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ ስሞታ ግን ሞልቷል። ሥራው በደንቡ ላይ ሲነበብ ቃለ ጉባኤ መያዝና መዋጮ መመዝገብ ነው። በተግባር ግን ሰው ማግባባት ነው። ያልከፈለውን ማስከፈል፣ የተኳረፉትን ማስታረቅ፣ የዕድሩን ወንበር ወስዶ የረሳውን ሳያስቀይሙ ማስመለስ። «እንዴት ነው ሰው እሺ የሚልሽ?» እያሉ ለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፍ። ቢሮም፣ ቤትም፣ ከአከራይ ጋርም ይሠራል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሰው በሕዝብ ፊት ሐሳቡን አይቀይርም። ቆሞ «አልስማማም» ካለ በኋላ ልክ መሆናችሁ ቢገባው እንኳ እዚያው ላይ ይደርቃል። ስለዚህ የምትጠይቁት ነገር ከበድ ያለ ከሆነ ቀድማችሁ፣ ለብቻው፣ ቤቱ ድረስ ሂዱ።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ከተለወጠ በኋላ የሁሉ ነገር ዋጋ ሲንር፣ ዕድራችን ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ ወጪ የማይሸፍን ሆነ። ወርሃዊ መዋጮውን ከ50 ብር ወደ 100 ብር ማሳደግ ነበረብን። እጥፍ መሆኑ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድንገት ብናነሳው ጩኸት እንደሚቀልጥ የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት «እዚህ ሰፈር የሚሰማው የማን ቃል ነው?» ብዬ ነው። የሰብሳቢያችን እንዳትሉ። እሳቸው ይከበራሉ እንጂ ብዙም አይሰሙም (ይህን ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ)። የሚሰሙት አንዲት እናት ናቸው፤ ከዕድሩ መሥራቾች አንዷ። እሳቸው «ኧረ ተዉ» ካሉ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ቡና ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። አቦል ላይ ጉዳይ አይነሳም። አቦል የጉልበታቸው ሕመም፣ አረብ አገር ያለችው ልጃቸውና የጎረቤት ወሬ ነው። ለይምሰል አታድርጉት ደግሞ፤ ይታወቃል። ጉልበታቸውን ከጠየቃችሁ መልሱን ስሙ።

ቶና ሲቀዳ ደብተሬን አወጣሁ። በቅርቡ ያረፉ የአንድ አባት ቤት ሦስቱን ቀን ያወጣው ወጪ ተዘርዝሯል። ዳቦ፣ ውሃ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ የንፍሮ ስንዴ። ከሥሩ ደግሞ ዕድሩ የሰጠው 10,000 ብር። ድምሩን ሆን ብዬ አልጻፍኩትም። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው መስመር በመስመር እየወረዱ ራሳቸው ደመሩት። ሲጨርሱ ደብተሩን ወደኔ ገፋ አደረጉና «ታዲያ ይቺ ምን ታደርጋለች?» አሉ። ልለው የመጣሁትን እሳቸው አሉት። ቁጥር ይዛችሁ ስትሄዱ ድምሩን ለሰውየው ተዉለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ይከብዳል። አፌ ላይ የነበረውን «ስለዚህ 100 ብናደርገውስ?» ዋጥ አድርጌ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው። ሲኒዬን አንስቼ ጠበቅኩ።

«መጨመርስ ይጨመር ልጄ። ጡረተኛው ግን ከየት ያመጣል?»

ትልቁ ተቃውሞ ይኼ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ በቀስታ ወጣ። ጉባኤ ላይ ቢሆን ኖሮ በጩኸት ነበር የሚወጣው። በረካው ሳይጠጣ መላ ተገኘለት፦ ጡረተኞች ለስድስት ወር 75 ብር፣ ከዚያ እንደ ሌላው 100። የጉባኤው ዕለት ሐሳቡን ያነሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር። ምስጋናውም ለእሳቸው ሄደ፤ ይሂድ።

ስብሰባ ላይ የግድ መናገር ካለባችሁ ግን የቡናውን ሥርዓት እርሱት። «እንግዲህ እንደሚታወቀው፣ ዕድራችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ…» የሚል ሰው ሲነሳ ሕዝቡ ስልኩን ያወጣል። እሑድ ጠዋት ነው፤ ሁሉም ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። መጀመሪያ የምትጠይቁትን ተናገሩ፤ ቀጥሎ ምክንያቱን፤ ከዚያ ተቀመጡ። አንድ ጠንካራ ምክንያት ካላችሁ ሦስት ደካማ አትጨምሩበት። የሚቃወማችሁ ሰው ጠንካራውን ትቶ ደካማዋን ነው የሚይዘው።

አሁን ወደ ዕዳ። በኮሪደር ልማቱ ሰፈራችን ከተነካ ወዲህ ብዙ አባሎቻችን ኮንዶሚኒየም ስለገቡ፣ መዋጮ የምናስታውሰው በስልክ ነው። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የባለዕዳ ስም ዝርዝር መለጠፍ የሚወድ የኮሚቴ አባል አለን። እኔ አልወደውም። ስሙ የተለጠፈ ሰው ከፍሎ ከዕድሩ ይወጣል፤ ወይም ሳይከፍል ይወጣል። እኔ የምልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ጋሼ፣ ደህና ሰነበቱ? የሦስት ወር መዋጮ ቀርቶብዎታል። አራት ወር ካለፈ ደንቡ ስለሚያስቸግረን ቀድሜ ላስታውስዎ ብዬ ነው። ቅዳሜ ብቅ ልበል ወይስ በቴሌብር ይልኩልኛል? ካልተመቸዎት ይደውሉልኝ፣ እንነጋገራለን።»

«ዕዳ አለብዎት» የሚል የለበትም። ደንቡን የጠቀስኩት ከእሳቸው ወገን ቆሜ ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አትዝለሏት። ቅዳሜ ወይስ ቴሌብር ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት፣ እጁ ላይ ምንም የሌለው ሰው የሚመልሰው ስለሚያጣ ስልኩን ይዘጋል። ብዙ ጊዜ የሚደውሉት «አሁን የለኝም» ለማለት ነው። ያ ደግሞ ከዝምታ በብዙ ይሻላል፤ ቢያንስ ቀን መቁረጥ ይቻላል።

ስለ ቀን ካነሳን፣ «እናያለን» የሚለውን መልስ ታውቁታላችሁ። ሰውየውን አታፋጥጡት፤ ግን ባዶ እጃችሁንም አትመለሱ። «እሺ፣ ሐሙስ ማታ ደውዬ ልጠይቅ?» በሉት። በእውነት የሚያስብበት ከሆነ ሐሙስን ይቀበላል። «እኔው እደውላለሁ» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፦ «በሞቴ»። በሞቴ ለጉርሻ ነው። ገንዘብ፣ ዋስትና ወይም የሥራ ጉዳይ ላይ «በሞቴ» ወይም «እኔን ካከበርክ» ብላችሁ ያገኛችሁት እሺታ ይሉኝታ ነው፤ በር ሳትሻገሩ ይፈርሳል። ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ያ ሰው መንገድ ላይ ሲያያችሁ ይሸሻል።

ጠብ ላይ የምጠቀምበት ከሽማግሌዎች ያየሁትን ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሲጨርስ «ልድገመውና ካጎደልኩ ያርሙኝ» እላለሁ። ሁለት ጎረቤታሞች በአሸንዳ ውሃ ተጣልተው ነበር፤ የአንደኛው ጣሪያ ውሃ የሌላኛው ግቢ ይገባል። የተበዳዩን ቃል ስደግምላቸው «አዎ፣ ልክ ነሽ» ብለው ትንሽ ቆዩና «ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም» አሉ። አሸንዳው በአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ዞረ። ረጅም ጊዜ የፈጀው የሆስፒታሉ ቅሬታ ነው። ክርክሩ ሲጋል ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የሚወርድ ሰው ካለ ግን ነገሩን ለሌላ ቀን አሳድሩት። የዚያን ቀን ምንም አይሆንም።

«አይሆንም» ስትባሉስ? አትከራከሩ። «ምን ቢስተካከል ይስማማዎት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ያዙ፤ አመስግናችሁ ውጡ። መልስ ከሰጣችሁ የምትመለሱበት በር አለ። «ምንም ቢሆን» ካለም ጊዜያችሁን ለሌላ ሰው አውሉት።

እሺ ስትባሉ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፉት። የመዋጮው ጉዳይ ባለቀ ቀን ለሁሉም የላክሁት መልእክት ይኼን ያህል ነው፦ «ከጥቅምት ጀምሮ መዋጮ 100 ብር። ጡረተኞች እስከ መጋቢት 75 ብር። ጉባኤው ወስኗል።» ለምን እንደጨመርን አንድ ቃል አላስገባሁበትም። ምክንያት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግሩፑ እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከር ያድር ነበር።