አዲስ ካቴና ገጥማችሁ ዳገት ላይ ሲዘል

ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ጎማ መንፋት፣ ፍሬን ማስተካከል፣ ብሎን ማጥበቅ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እሱን አልነካውም። የማወራው አዲስ ዕቃ ገዝታችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ 3 ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ሳይክሉን ማሻሻል የሚፈልግ ወጣት ደጄ ላይ በዝቷል። ደስ ይለኛል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ደስ ብሎት ገጥሞ፣ በሳምንቱ ፊቱን አጥቁሮ ሲመለስ ግን ያመኛል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአዲሱ ዕቃ አይደለም። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ስላልተስማማ ነው።

ምልክቱ፦ ሜዳ ላይ ሰላም ነው፣ ዳገት ላይ ይዘላል

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። አዲስ ካቴና ተገጥሟል። ሜዳ ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስትወጡ፣ ከኮርቻው ተነስታችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ "ቀጭ!" ይልና እግራችሁ ባዶውን ይወርዳል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደንግጣችሁ ትተርፋላችሁ። ካልሆናችሁ ጉልበታችሁ ከመሪው ጋር ይጋጫል፣ ወይ አስፋልቱ ላይ ትዘረጋላችሁ። ከኋላችሁ ደግሞ ሚኒባስ አለ።

ሰው ወዲያው የሚለው "ካቴናው ፎርጂድ ነው" ነው። ከሻጩ ጋር ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። ሌላውም ይዘላል።

ያለቀው የኋላ ጥርሱ ነው፤ ከኋላ ጎማው ላይ ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ብረት ማለቴ ነው።

ካቴና "ተለጠጠ" ሲባል ብረቱ ተስቦ አይደለም። በየመጋጠሚያው ውስጥ ያሉት ፒኖች ተበልተው ነው። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። ፒኖቹ ሲበሉ ርቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ጥርሱም ከረዘመው ካቴና ጋር አብሮ ይበላል። ሁለቱ አብረው ስላረጁ ይግባባሉ፣ አይዘሉም። ከዚያ እናንተ አዲስ ካቴና ታመጣላችሁ። የሱ ልክ ትክክለኛው 12.7 ነው። በተበላው ጥርስ ላይ ሲያርፍ ሸክሙን የሚይዙለት አንድ ሁለት ጥርሶች ብቻ ይሆናሉ። በኃይል ስትረግጡ ጥርሱን ወጥቶ ያልፋል።

አንድ ዕቃ አድራሽ ልጅ መጣ። "ጋሼ፣ ሦስተኛ ካቴናዬ ነው፣ አሁንም ይዘላል" አለኝ። ሦስተኛ! ለዕለት እንጀራው የሚሮጥ ልጅ ነው። የኋላውን ጥርስ በጨርቅ ጠረግኩለት። ከትንሿ ሦስተኛዋ ጥርስ ላይ ጫፎቹ በሙሉ ሾለው እንደ ውሻ ክራንቻ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል። አጠገቧ ያሉት ትልልቆቹ ግን አዲስ ይመስላሉ። ጫፋቸው ደፍጠጥ ያለ ነው፣ የፋብሪካ ቀለማቸው እንኳ አልለቀቀም። ልጁ ዳገትም ሜዳም በአንድ ማርሽ ነበር የሚነዳው። "ትልቁ ላይ ስታደርገው ካቴናው ይበጠሳል ብለውኛል" አለኝ። ማን እንዳለው አላውቅም፣ ግን ልጁን በጣም ጎድቶታል። ትልቁ የኋላ ጥርስ ለዳገት ነው የተሠራው። ተጠቀሙበት።

ጥርሱ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው። የሚዘለው በምትወዱት አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነና ስትረግጡ ብቻ ከሆነ፣ ጥርስ ነው። በሁሉም ማርሽ ላይ፣ በየተወሰነ ዙር ከዘለለ፣ የካቴናው አንድ መጋጠሚያ ደርቋል። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ወደኋላ አዙሩት፤ የደረቀችው የኋላውን መቀየሪያ፣ ማለትም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን ዕቃ፣ ስታልፍ ቀና ብላ ትታያለች። በእጃችሁ ግራና ቀኝ አላልታችሁ ዘይት አጠጧት። ሳትረግጡም የሚንኳኳና ማርሽ ለመግባት የሚያመነታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ካቴና ከመቀየራችሁ በፊት አሮጌውን ለኩ። ብረት ሜትር ውሰዱ። የልብስ ሰፊ ሜትር አይሆንም፣ ይለጠጣል። የኢንቹን ጎን ተጠቀሙ። ዜሮውን አንድ ፒን መሐል ላይ አድርጉና 24 መጋጠሚያ ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል። ከ12 ኢንች 1.5 ሚሊሜትር ያህል ካለፈ ካቴናውን ቀይሩ፣ ጥርሱ ገና ይተርፋል። 3 ሚሊሜትር ካለፈ ጥርሱም አብሮ ሄዷል፣ ሁለቱንም ግዙ። የኋላው ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ከሆነ 1.5 እስኪሞላ እንኳ አትጠብቁ። ይህችን ልኬት በየሁለት ወሩ ብትለኩ የአንድ ካቴና ዋጋ እያወጣችሁ የሙሉ ጥርስ ዋጋ ታድናላችሁ።

ካቴናውን ቶሎ የሚበላው አቧራ ነው፣ አቧራውን የሚያጣብቀው ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። እባካችሁ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ! ግሪስም አትቀቡ! ከግንባታ ቦታ የሚነሳው ደቃቅ አሸዋ ከዘይቱ ጋር ሲቦካ የሞረድ ሥራ ይሠራል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉ። ከዚያ ውጭውን በጨርቅ ጥረጉት። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጥ ነው። ውጭው ከረጠበ አቧራ ይጠራል።

ጥርሱን ስትቀይሩ

ሁለት ዓይነት የኋላ ጥርስ አለ። ፍሪዊል እንደ ብሎን ጎማው ላይ ይጠመዘዛል። ካሴት ደግሞ ተንሸራቶ ይገባና በቀለበት ይታሰራል። ለመለየት ጎማውን አውጡና ጥርሱን ወደኋላ አዙሩት። መፍቻው የሚገባበት የመሐሉ ክፍል አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ቆሞ ከቀረ ፍሪዊል ነው። የሁለቱ መፍቻ ይመሳሰላል፣ ግን አንድ አይደለም። በግድ አታስገቡ።

ፍሪዊል በረገጣችሁ ቁጥር እየጠበቀ ስለሚሄድ ለመፍታት ያስቸግራል። መፍቻውን ሞርሳ ላይ እሰሩት፣ ጎማውን ላዩ ላይ አስቀምጡና እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ አዙሩት። አዲሱን ስትገጥሙ የሚጠመዘዝበትን ቦታ ግሪስ ቀቡ፤ እዚህ ላይ ግሪስ ግዴታ ነው። አንድ ሰው ፍሪዊሉ በመሮና በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጎማ አምጥቶልኝ ያውቃል። መፍቻው የሚገባባቸው ጎድጎዶች በሙሉ ተልጠዋል። የመፍቻ ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል ደህና ጎማ ተጣለ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያናድደኛል። መፍቻ የሌለው ሰው "የለኝም" ቢል ምን አለበት?

ካሴት ከሆነ ማሰሪያ ቀለበቱ በ40 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ በሰው አቅም ጠንከር ያለ ማለት ነው። ባለ 7 ካሴት ባለ 8 ቦታ ላይ ስትገጥሙ ከኋላው 4.5 ሚሊሜትር ቀለበት ያስፈልጋል። ያ ቀለበት ከተረሳ ካሴቱ ምንም ብታጠብቁት ይወዛወዛል።

የካቴናውን ቁጥርም ከጥርሱ ጋር አስተያዩ። ባለ 8 ካቴና ከውጭ ወደ ውጭ 7.1 ሚሊሜትር ነው፣ ባለ 11 ግን 5.5 ገደማ። "ውዱ ይሻላል" ብሎ ባለ 8 ሳይክል ላይ ባለ 11 ካቴና የገጠመ ሰው አይቻለሁ። ቀጭኑ ካቴና ወፍራሙ ጥርስ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ያኝካል።

ስለ ትልልቅ ጥርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁን ሁሉም ለእንጦጦ ብሎ ባለ 42 ጥርስ ይፈልጋል። የማከብረው ደንበኛዬ ወንድሙ ከዱባይ ላከለት። አሮጌውን ካቴና ሳያስረዝም ገጠመው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ሲጠነክር ከፊት ትልቁን ከኋላም ትልቁን አስገባ። ካቴናው አጠረ። የኋላውን መቀየሪያ ወደፊት ጎትቶ ከማንጠልጠያው ገነጠለው፣ እሱም የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ገብቶ አራቱን ሰበረ። ሰውየው ሳይክሉን ተሸክሞ ነው የወረደው። የካቴና ልክ እንዲህ ነው፦ መቀየሪያውን ሳታስገቡ፣ ትልቁን የፊት ጥርስና ትልቁን የኋላ ጥርስ አዙራችሁ ጫፎቹን አገናኙ፣ ከዚያ አንድ ኢንች ጨምሩ። መቀየሪያው ስንት ጥርስ ድረስ እንደሚችል ሳታጣሩ ደግሞ ጥርሱን አትግዙ። ገንዘባችሁን ከከፈላችሁ በኋላ እኔም ምንም ላደርግላችሁ አልችልም።

ምልክቱ፦ ማርሽ ለመግባት ያመነታል፣ ይንኳኳል

አዲስ ካቦ ከሆነ መጀመሪያ ሳምንት ላይ መላላቱ ያለ ነው። ሽፋኑ ቦታውን እስኪይዝ ነው። ካቦው ጫፍ ላይ ያለችውን፣ በእጅ የምትዞረውን ማስተካከያ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዙሩ።

አዲስ የተገዛ ሳይክል ከሆነ ግን መጀመሪያ የኋላ መቀየሪያው የተሰቀለባትን ማንጠልጠያ እዩ። አሉሚኒየም ናት፣ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ ነው የተሠራችው፣ ቴላዮው እንዳይጎዳ። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ የመቀየሪያው ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ከጥርሱ ሥር በቀጥታ መስመር ካልወረዱ ታጥፋለች። የምትታጠፈው አብዛኛውን ጊዜ ጉዞ ላይ ነው። ከባሕር ዳር በአይሱዙ የተጫነ ሳይክል በቀኝ ጎኑ አስተኝተውት፣ ላዩ ላይ ጆንያ ደርድረውበት መጣ። ሳይክል ስትጭኑ በግራ ጎኑ አስተኙት። በቀኝ ጎኑ በፍጹም!

ባለ 10 የመንገድ ሳይክል የእጅ መቀየሪያ ከባለ 10 የተራራ የኋላ መቀየሪያ ጋር አይሠራም፣ የሁለቱም ስም ሺማኖ ቢሆንም። የካቦው አሳሳብ ይለያያል። ማስተካከያ የለውም፣ አንዱን ቀይሩ።

ምልክቱ፦ ፍሬን አዲስ ገጥማችሁ ይጮሃል ወይም አይዝም

ዲስክ ፍሬን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነክቶት ነው። ብዙ ጊዜ ካቴናውን ሲቀቡ የረጩት ነው። ዲስኩን በንጹህ አልኮል ጥረጉት። ሸራው ዘይት ከጠጣ ግን ጣሉት፣ እሳት ላይ ማድረቅ የሚባለውን አትስሙ። በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ የሺማኖ ፍሬን የሚፈልገው ሚኒራል ኦይል ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ካደረጋችሁበት የውስጡ ጎማ ይበላሻል፣ ፍሬኑም ይሞታል።

የካቦ ፍሬን ከሆነ ይህን በደንብ አንብቡልኝ። የማርሽ ካቦ ሽፋን ለፍሬን አይሆንም! የማርሹ ሽፋን ውስጡ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፣ የፍሬኑ ደግሞ የተጠመዘዘ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። የማርሹን ለፍሬን ከተጠቀማችሁ በኃይል ስትጨብጡ ይፈነዳል፣ ፍሬናችሁም በዚያችው ሰከንድ ይጠፋል። ከእንጦጦ ስትወርዱ አስቡት። ሻጩ "ያው ነው" ቢላችሁ አትቀበሉት፤ ጫፉን አስቆርጡና ውስጡን በዓይናችሁ እዩ።

የቀሩት

ባለ 28 ጎማ ገዝታችሁ አልገባ ካለ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር አንብቡ። ባለ 28 የሚባለው 622ም 635ም ሊሆን ይችላል። የቸርኬያችሁ ቁጥርና የጎማው ቁጥር አንድ መሆን አለበት።

ግራው ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ፔዳሎቹ ላይ ኤልና አር ተጽፏል። መጀመሪያ በጣታችሁ ብቻ አስጀምሩት፤ በጣት ካልገባ በመፍቻ አታስገድዱት። አስገድዳችሁ ካበላሻችሁት የሚቀየረው ፔዳሉ ሳይሆን ፔዳሉ የሚታሰርበት እጀታ ነው።